አንድ አንቴና ለብዙ ሬዲዮ፦ ሲግናሉ ሳይባክን እንዴት ይካፈላል?

ጣሪያ ላይ አንድ ጥሩ አንቴና አለ። ታች ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ሦስት ሬዲዮ ተደርድሯል። አንዱ የድሮ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ነው። ሌላው ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ኤስዲአር ነው፤ አብዛኛውን ሥራ ለሶፍትዌር የሚተው ትንሽ መቀበያ ማለት ነው። ሦስተኛው ኤፍኤም የሚሰማበት የሳሎን ቴፕ ነው። ለእያንዳንዱ የየራሱን አንቴና መትከል ያምራል። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ግን ቀላል አይደለም። ጣሪያው የጋራ ነው፣ ዲሽ ሞልቶታል፣ አንድ ብረት ለማቆም እንኳ ኮሚቴ ማናገር ሊያስፈልግ ይችላል።

ስለዚህ ጥያቄው ይነሳል። አንዱን አንቴና ለሦስቱ ማካፈል ይቻላል? ሲካፈልስ ሲግናሉ አይደክምም?

ይቻላል። ሲግናሉም ይደክማል። ነገር ግን የደከመ ሲግናል ሁሉ የተበላሸ ሲግናል አይደለም። ይህቺን የተረዳ ሰው ገንዘቡንም ልፋቱንም የሚገባው ቦታ ላይ ያውላል። ያልተረዳው ደግሞ ውድ ማከፋፈያ ገዝቶ በርካሽ ገመድ ይሸነፋል።

ከሁሉ በፊት አንድ መለኪያ እንያዝ፦ ዴሲቤል። 3 ዴሲቤል ጠፋ ማለት የሲግናሉ ኃይል በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። 10 ዴሲቤል ከጠፋ የቀረው አንድ አሥረኛው ብቻ ነው። 20 ከሆነ አንድ መቶኛው። የዴሲቤል ደግነቱ በመንገድ ላይ ያለው ኪሳራ ሁሉ ዝም ብሎ የሚደመር መሆኑ ነው። ገመዱ 4 ከበላ፣ ማከፋፈያው 3.5 ከበላ፣ ድምሩ 7.5 ነው።

ቀላሉ መንገድና ጣጣው

መጀመሪያ የሚመጣልን ሐሳብ ከአንቴናው የሚወርደውን ገመድ በቲ ቅርጽ ማገናኛ ለሁለት መክፈል ነው። ሁለት መውጫ፣ ሁለት ሬዲዮ፣ አለቀ።

በወረቀት ላይ ይህ ያን ያህል መጥፎ አይደለም። አብዛኛው የመገናኛ ሬዲዮ ዕቃ ለ50 ኦም የተሠራ ነው፤ ኦም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ነው። ሁለት የ50 ኦም ሬዲዮ ጎን ለጎን ሲታሰር ገመዱ የሚያገኘው 25 ኦም ይሆናል። በዚህ አለመጣጣም ምክንያት ከሚመጣው ኃይል 11 በመቶው ወደ አንቴናው ይመለሳል። የቀረው ለሁለት ይካፈልና ለእያንዳንዱ ሬዲዮ 44 በመቶ ይደርሰዋል። የጠፋው 3.5 ዴሲቤል ገደማ ነው። በፋብሪካ ከተሠራ ጥሩ ማከፋፈያ ጋር የሚተካከል ቁጥር ነው።

ጣጣው ሌላ ነው። እውነተኛ ሬዲዮ 50 ኦም ሆኖ አይቀመጥም። ጣቢያ በተቀየረ ቁጥር የመግቢያው ባሕርይ ይቀየራል። ቲው ደግሞ በሁለቱ ሬዲዮ መሃል ምንም መከላከያ የለውም። በአንዱ ላይ መቃኛውን ስታዞሩ በሌላው ላይ ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል። በዚያ ላይ ብዙ መቀበያ ለራሱ ሥራ የሚጠቀምበት ሲግናል የሚያመነጭ ክፍል በውስጡ አለ። ከዚያ ሾልኮ የሚወጣው በቲው በኩል ቀጥ ብሎ ወደ ጎረቤቱ ሬዲዮ ይገባና የሌለ ጣቢያ መስሎ ያፏጫል።

የባሰም አለ። ከሁለቱ ሬዲዮ አንዱን ነቅላችሁ ገመዱን ቲው ላይ እንደተንጠለጠለ ተዋችሁት እንበል። ገመዱ ግማሽ ሜትር ነው። በተለመደው ኮአክሲያል ገመድ (ክቡ የአንቴና ገመድ) ውስጥ ግማሽ ሜትር ማለት የ100 ሜጋኸርዝ ሞገድ ሩብ ርዝመት ማለት ነው። ጫፉ ክፍት የሆነ የሩብ ሞገድ ገመድ አስገራሚ ጠባይ አለው። በሌላኛው ጫፉ፣ ማለትም ቲው ላይ፣ ሾርት የገባ ያህል ይሆናል። የሚሠራው ሬዲዮ ላይ ኤፍኤም በአንዴ ይዳከማል፣ አንዳንዱ ጣቢያ ድራሹ ይጠፋል። አጭር ሞገዱ ግን ምንም አልሆነም። ባለቤቱ አንቴናውን ይጠረጥራል፣ ሬዲዮውን ይጠረጥራል፤ ምንም ያልተሰካበትን ቁራጭ ገመድ የሚጠረጥር የለም።

ማከፋፈያ ምን ይሠራል?

ትክክለኛ ማከፋፈያ፣ ብዙዎቻችን ስፕሊተር የምንለው፣ ሁለት ሥራ አለበት። ኃይሉን እኩል ይከፍላል። ሬዲዮዎቹንም እርስ በርስ ይለያል። ብዙ ሰው የሚያየው የመጀመሪያውን ነው፤ እኔ ግን ሁለተኛውን አስበልጣለሁ። ከአንዱ መውጫ የገባ ሲግናል ወደ ሌላው መውጫ እንዳይሻገር የሚያደርገው ይህ መለያየት በጥሩ ዕቃ ላይ ከ20 እስከ 30 ዴሲቤል ይደርሳል። ማለትም ከመቶ አንድ ወይም ከሺህ አንድ ብቻ ነው የሚያልፈው።

ርካሹ ዓይነት ከሦስት ሬዚስተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክን ከሚገቱ ትንንሽ ዕቃዎች፣ የሚሠራ ነው። እያንዳንዱ 17 ኦም ገደማ። ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ እኩል ይሠራል፣ ግን ለእያንዳንዱ ሬዲዮ የሚደርሰው ሩብ ብቻ ነው፤ 6 ዴሲቤል ይጠፋል። ግማሹ ኃይል ሬዚስተሮቹ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። መለያየቱም ያው 6 ዴሲቤል ነው፣ የሚያወላዳ አይደለም።

የሚሻለው ትንሽ የፌራይት (የማግኔት ባሕርይ ያለው ቁስ) ቀለበት ላይ በተጠመጠመ ሽቦ የሚሠራው ነው። የቴሌቪዥን ስፕሊተር ውስጡን ብትከፍቱት የምታገኙት ይህንኑ ነው፦ ቀለበት፣ ጥቂት ዙር ሽቦ፣ አንድ ሬዚስተር። ለከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ደግሞ ኧርነስት ዊልኪንሰን በ1960 እ.ኤ.አ. ያወጣው ንድፍ አለ። የሩብ ሞገድ ርዝመት ያላቸው ሁለት መስመሮችና በመሃላቸው አንድ ባለ 100 ኦም ሬዚስተር ነው። ሁለቱም ወገን በሥራ ላይ 3.5 ዴሲቤል አካባቢ ይወስዳሉ። ከዚህ ውስጥ 3ቱን ማንም ሊያስቀር አይችልም። አንድ ኃይል እኩል ለሁለት ሲከፈል ለእያንዳንዱ ግማሽ ነው የሚደርሰው። ዕቃው በራሱ ድክመት የሚያባክነው የቀረችውን ግማሽ ዴሲቤል ብቻ ነው። ባለ አራት መውጫ 7 ያህል ይወስዳል፣ ባለ ስምንት ከ10 በላይ። ስለዚህ ሁለት ሬዲዮ ብቻ ያለው ሰው «ኋላ ይጠቅመኛል» ብሎ ባለ ስምንት አይግዛ። ትርፍ መውጫ ካለም ክፍቱን ከመተው በ50 ኦም መዝጊያ መድፈን ይሻላል፤ የቴሌቪዥኑ ዓይነት ከሆነ በ75 ኦም።

መርካቶ የዲሽ ዕቃ ከሚሸጥባቸው ሱቆች የሚገኘው ስፕሊተር የተሠራው ለ75 ኦም ነው። ብዙ ጀማሪ በዚህ ይሰጋል። ለመቀበያ ብቻ ከሆነ አትስጉ። 75 ኦም ከ50 ኦም ጋር ሲገናኝ የሚመለሰው 4 በመቶ ነው፤ በዴሲቤል 0.2 አይሞላም። ይልቅ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቁጥር እዩ። ከ5 እስከ 1000 ሜጋኸርዝ የሚል ከሆነ ለኤፍኤምም፣ ከ49 ሜትር ባንድ (6 ሜጋኸርዝ አካባቢ) ወደ ላይ ላለው አጭር ሞገድም ይሆናል። ከ950 የሚጀምረው ለዲሽ ብቻ የተሠራ ነው። መካከለኛ ሞገድ ለሚያዳምጥ ሁለቱም አይሆኑትም፤ ከ5 ሜጋኸርዝ በታች ቀለበቱ እየደከመ ይሄዳል።

የሚጠፋው ምንድን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አንድ ጣቢያ በደንብ የሚሰማው ሲግናሉ ብርቱ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ከጫጫታው በላይ ስለሆነ ነው። ጫጫታ የምለው ጣቢያ በሌለበት ቦታ የምንሰማውን ያንን የማያቋርጥ «ሽሽሽ» ነው። ይህ ጫጫታ ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንዱ ከውጭ በአንቴናው በኩል የሚገባው ነው፦ መብረቅ፣ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ቻርጀር፣ የኤልኢዲ አምፖል። ሌላው ሬዲዮው ራሱ በውስጡ የሚፈጥረው ነው።

መርካቶ መሃል ቆማችሁ ከጓደኛችሁ ጋር እያወራችሁ ጆሯችሁን በጥጥ ብትደፍኑ የጓደኛችሁ ድምፅ ይቀንሳል። የገበያው ጫጫታም አብሮ ይቀንሳል። ወሬውን የመረዳት ዕድላችሁ ግን ያው ነው። ማከፋፈያም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሲግናሉንና ከውጭ የሚመጣውን ጫጫታ እኩል ይቀንሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ካልተነካ፣ ድምፁን ትንሽ ከፍ ማድረግ ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ።

አጭር ሞገድ ላይ የሚሆነው በትክክል ይህ ነው። በ10 ሜጋኸርዝ አካባቢ ደህና አንቴና ይዞት የሚመጣው የውጭ ጫጫታ ተፈጥሮ ከሚፈቅደው ዝቅተኛ የጫጫታ ወለል 30 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ይበልጣል። በከተማ ደግሞ ይብሳል። ሬዲዮው የሚፈጥረው የራሱ ጫጫታ በዚህ ስር ተቀብሮ ይቀራል። ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ከፍታችሁ የምታውቁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ሠፈሩ ጨለማ ሲውጠው አጭር ሞገዱ ጥርት ይላል። የሬዲዮው ጉልበት አልጨመረም፤ የሠፈሩ ቻርጀርና አምፖል ነው ዝም ያለው። ስለዚህ ዶይቼ ቬለን በአጭር ሞገድ ለሚከታተል ሰው በመንገድ ላይ 3.5 ዴሲቤል ቢጠፋ፣ ሰባትም ቢጠፋ፣ ጆሮው ልዩነቱን አይለየውም። እንዲያውም ረጅም ሽቦ ሲሰኩበት የሚጨናነቅ ትንሽ ሬዲዮ ማከፋፈያው ሲገባ ይሻለዋል።

በየቤታችሁ የምትሞክሩት ፈተና አለ። ሬዲዮውን ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ አድርጉት። ኤስዲአር ከሆነ ስክሪኑ ላይ የጫጫታውን ወለል በዴሲቤል እዩ። ከዚያ የአንቴናውን ገመድ ንቀሉ። ወለሉ ከ10 ዴሲቤል በላይ ከወረደ፣ ጫጫታው ከውጭ የሚመጣ ነው ማለት ነው። ባለ ሁለት መውጫ ስፕሊተር ብትጨምሩ ከጫጫታው አንጻር በእውነት የምታጡት ግማሽ ዴሲቤል ገደማ ነው። ወለሉ ንቅንቅ ካላለ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። የምትሰሙት ሬዲዮው ራሱ የሚፈጥረውን ጫጫታ ነው። እዚያ ላይ እያንዳንዷ ዴሲቤል ዋጋ አላት።

ወደ ላይ ስንወጣ

ፍሪኩዌንሲው እየጨመረ ሲሄድ ከውጭ የሚመጣው ጫጫታ እየቀነሰ ይሄዳል። በ1090 ሜጋኸርዝ፣ አውሮፕላኖች ያሉበትን ቦታና ከፍታ በሚያሳውቁበት ፍሪኩዌንሲ፣ ሰማዩ ጸጥ ያለ ነው። የአውሮፕላኖችን ጉዞ በካርታ የሚያሳዩ ድረ ገጾች መረጃቸውን ከሚያገኙባቸው መንገዶች አንዱ በጎ ፈቃደኞች ጣሪያቸው ላይ የሚተክሏቸው ትንንሽ መቀበያዎች ናቸው። እዚያ ላይ ማከፋፈያ ያለ ዝግጅት ማስገባት በቀጥታ ይጎዳል። ትናንት 300 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይታይ የነበረ አውሮፕላን ዛሬ አይታይም።

መድኃኒቱ ጫጫታው አነስተኛ የሆነ ማጉያ ነው። ቦታው ግን ወሳኝ ነው። በ1944 እ.ኤ.አ. የቤል ላብራቶሪው ሃራልድ ፍሪስ ባሳተመው ቀመር መሠረት፣ በተከታታይ ከተያያዙ ዕቃዎች ውስጥ የመጀመሪያው ነው ዕጣ ፈንታውን የሚወስነው። መጀመሪያ ላይ በቂ ማጉላት ካለ ከኋላ የሚመጣው ኪሳራ ይደበዝዛል። መጀመሪያ ላይ ኪሳራ ካለ ግን ከኋላ የሚመጣ ማጉያ አይመልሰውም። ሲግናሉንም ጫጫታውንም አብሮ ነው የሚያጎላው።

በቁጥር እንየው። ገመዱ 3 ዴሲቤል ይበላል። ባለ አራት መውጫ ማከፋፈያው 7። ሬዲዮው የራሱ የ6 ዴሲቤል ጫጫታ አለው። ያለ ማጉያ ሲደመር 16 ዴሲቤል ጉዳት ነው። አሁን 20 ዴሲቤል የሚያጎላና የራሱ ጫጫታ 1 ዴሲቤል ብቻ የሆነ ማጉያ እንጨምር። ታች፣ ከገመዱ ቀጥሎ ማከፋፈያው አጠገብ ብናስቀምጠው ጠቅላላ ጉዳቱ ወደ 4.6 ይወርዳል። ጣሪያ ላይ አንቴናው ሥር ብናስቀምጠው ወደ 2.2። ያው ማጉያ፣ ያው ገመድ፣ ያው ማከፋፈያ ነው። የተቀየረው ቦታው ብቻ ነው። ባለ አራት መውጫው ከነሙሉ ኪሳራው የሁለት ዴሲቤል ጉዳይ ሆኖ ቀረ።

ጣሪያ ላይ ያለው ማጉያ መብራት ከየት ያገኛል? በዚያው በገመዱ በኩል። ከታች 5 ቮልት ገደማ ይላካል፣ ሲግናሉ በዚያው ገመድ ይወርዳል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ብዙ ስፕሊተር ቮልት የሚያሳልፈው በአንዱ መውጫ ብቻ ነው፤ አንዳንዱ በሁሉም ያሳልፋል፣ አንዳንዱ በምንም አያሳልፍም። ቮልቱ ወደማይገባው ሬዲዮ ከገባ መግቢያውን ሊያቃጥለው ይችላል። ከመሰካታችሁ በፊት በመልቲሜትር ለኩ። የሚወስደው ሁለት ደቂቃ ነው።

ስለ ገመዱ ካነሳን አይቀር፣ ትልቁ ሌባ እሱ ነው። ቀጭኑ ጥቁር ገመድ፣ አርጂ-58 የሚባለው፣ በ1000 ሜጋኸርዝ በ20 ሜትር ውስጥ ከ10 ዴሲቤል በላይ ይበላል። ከአንቴናው ከተላከው አንድ አሥረኛው እንኳ ሳይደርስ ነው ማለት ነው። በየዲሹ የምናየው ነጩ አርጂ-6 በዚያው ርቀት 4 ያህል ነው የሚወስደው። ገመዱን በመቀየር ብቻ የሚገኘው ትርፍ ባለ ሁለት መውጫ ማከፋፈያ ከሚያመጣው ኪሳራ ይበልጣል። 75 ኦም ነው፣ 50 አይደለም፤ አውቃለሁ። ከላይ እንዳየነው ለመቀበያ ይህ ምንም አይደለም።

ማጉያ ሲበዛም ይጎዳል። የአዲስ አበባን ኤፍኤም አስቡ። ብርቱ ጣቢያዎች በቅርብ ርቀት ተደርድረዋል፦ ኤፍኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1፣ ሌሎችም። ሁሉም አብረው ወደ ማጉያው ሲገቡና ማጉያው ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት እርስ በርስ ይደባለቃሉ። የ102.1 እጥፍ 204.2 ነው፤ ከዚያ 97.1 ሲቀነስ 107.1 ይመጣል። 107.1 ላይ የሁለቱ ጣቢያዎች ድምፅ ተቀላቅሎ ሊሰማ ይችላል፤ ከየትኛውም ማሰራጫ ያልወጣ፣ እዚያው ማጉያው ውስጥ የተወለደ ሲግናል ነው። ኤፍኤም ለማይፈልግ ሰው መፍትሔው ከማጉያው በፊት ከ88 እስከ 108 ያለውን የሚገታ ማጣሪያ ማስገባት ነው። ኤፍኤም የሚፈልግ ደግሞ ከተማ ውስጥ እስካለ ድረስ ማጉያውን ቢተወው ይሻለዋል። ሲግናሉ ሞልቶ የተረፈ ነው።

በፍሪኩዌንሲ መለየት

እስካሁን ያየነው ሬዲዮዎቹ ሁሉ ሁሉንም ፍሪኩዌንሲ እንዲያገኙ ስንፈልግ ነው። ግን ሁልጊዜ ይህን እንፈልጋለን? መግቢያው ላይ የጠራናቸው ሦስት ሬዲዮዎች ዘንድ እንመለስ። የአጭር ሞገዱ ሬዲዮ ከ30 ሜጋኸርዝ በላይ ምንም ጉዳይ የለውም። የሳሎኑ ቴፕ ከ88 በታች ምንም ጉዳይ የለውም። ታዲያ አንዱ የማይጠቀምበትን ለምን እናካፍለዋለን?

ዳይፕሌክሰር የሚባለው ዕቃ ይህን ያደርጋል። ውስጡ ሁለት ማጣሪያ ነው። አንዱ ዝቅተኛውን ብቻ ያሳልፋል፣ ሌላው ከፍተኛውን ብቻ። እያንዳንዱ ሬዲዮ የራሱን ፍሪኩዌንሲ ከሞላ ጎደል ሙሉውን ያገኛል። ኪሳራው ግማሽ ዴሲቤል አካባቢ ነው። ያ የማይቀረው 3 ዴሲቤል እዚህ የለም፣ ምክንያቱም የተከፈለ ኃይል የለም። እኔ ለእንዲህ ያለ ቤት መጀመሪያ ዳይፕሌክሰር አስገብቼ አጭር ሞገዱንና ኤፍኤሙን እለያለሁ። ከዚያ የአጭር ሞገዱን ወገን ብቻ በተራ ስፕሊተር ለድሮው ሬዲዮና ለኤስዲአሩ አካፍላለሁ። የ3.5 ዴሲቤል ኪሳራው የወደቀው ምንም በማይጎዳበት ወገን ነው።

በአንድ ጊዜ አንድ ሬዲዮ ብቻ የሚሰማ ሰው ካለ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። ጥሩ የአንቴና ማብሪያ ማጥፊያ ይበቃዋል። ኪሳራው ከቁጥር አይገባም።

ዲሽ ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል፤ ብዙ ቤት የሚያጋጥም ስለሆነ ላንሳው። አንዱን ዲሽ በተራ ስፕሊተር ለሁለት ሪሲቨር ስታካፍሉ አንዱ ክፍል ቻናል ሲቀይር ሌላው ክፍል ስክሪኑ ይጠፋል። የሲግናል መድከም አይደለም። ሪሲቨሩ ኤልኤንቢውን (ዲሹ ፊት ያለውን መቀበያ ጭንቅላት) የሚያዘው በቮልት ነው። 13 ቮልት ከላከ ቁም ሞገዱን አምጣ ማለቱ ነው፣ 18 ከላከ አግድሙን። ሁለት ሪሲቨር የተለያየ ትእዛዝ ሲልክ ከፍተኛው ቮልት ያሸንፋል፤ የሌላው ቻናሎች ይጠፋሉ። የዚህ መፍትሔ ባለ ሁለት ወይም ባለ አራት መውጫ ኤልኤንቢ ገዝቶ ለየሪሲቨሩ የየራሱን ገመድ መዘርጋት ነው። ምንም ያህል ውድ ስፕሊተር ይህን አይፈታም።

የሚያሰራጭ ሬዲዮ ካለ

እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ልናገር። ከላይ የተባለው ሁሉ ለመቀበያ ብቻ ነው። ከሬዲዮዎቹ አንዱ እንኳ የሚያሰራጭ ከሆነ ስፕሊተሩን እርሱት።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ የአማተር ሬዲዮ፣ ማለትም ሰዎች ለፍላጎታቸው ብለው በፈቃድ የሚነጋገሩበት ሬዲዮ፣ 100 ዋት ያወጣል። ማከፋፈያው 25 ዴሲቤል ይለያል እንበል። ወደ ጎረቤቱ ሬዲዮ የሚሻገረው 0.3 ዋት ነው። ትንሽ ይመስላል። ተራ ኤስዲአር ግን የሚችለው 0.01 ዋት ገደማ ነው። ሠላሳ እጥፍ ገባበት። ማከፋፈያው ውስጥ ያለችው ትንሽ ሬዚስተርም ትቃጠላለች። ሁሉም የሚያልቀው የመናገሪያው ቁልፍ በተጫነ ቅጽበት ነው። (ኢትዮጵያ ውስጥ ለማሰራጨት ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክበብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ በሚለው መጠሪያው በዓለም ዙሪያ ይታወቃል።)

ለማሰራጫዎች የሚሠራው ያው በፍሪኩዌንሲ መለየት ነው፣ ግን በጣም በጠነከረ ማጣሪያ። በውድድር ጊዜ አማተሮች ሦስት ሬዲዮ በአንድ አንቴና ላይ ያሠራሉ፤ አንዱ በ14፣ አንዱ በ21፣ አንዱ በ28 ሜጋኸርዝ። በመሃል ትሪፕሌክሰር የሚባል ባለ ሦስት ማጣሪያ ይገባል፣ በየሬዲዮው መውጫ ላይም ተጨማሪ ማጣሪያ። ሦስቱም በአንድ ጊዜ ያሰራጫሉ፣ ይቀበላሉ፣ አይነካኩም።

ከባዱ ሁለቱ ፍሪኩዌንሲ ሲቀራረቡ ነው። የአማተር የ2 ሜትር ባንድ ሪፒተር (የሰማውን መልሶ የሚያሰራጭ ጣቢያ) በአንድ ፍሪኩዌንሲ እየተቀበለ 0.6 ሜጋኸርዝ ብቻ ርቆ ያሰራጫል፤ በአንድ አንቴና፣ በአንድ ጊዜ። ይህን የሚያስችለው ዱፕሌክሰር ነው። ሰው ጉልበት የሚደርሱ የብረት ሲሊንደሮች ተደርድረው፣ እያንዳንዱ ለአንድ ጠባብ ፍሪኩዌንሲ የተቃኘ። ኪሳራው 1.5 ዴሲቤል ገደማ ሲሆን መለያየቱ 80 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ነው፤ ከመቶ ሚሊዮን አንድ ማለት ነው። በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው ትልልቆቹ የኤፍኤም ጣቢያዎች አንድ አንቴና የሚጋሩት። ኒው ዮርክ ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ላይ በ1965 እ.ኤ.አ. የተተከለው የጋራ አንቴና ብዙ የኤፍኤም ጣቢያዎችን አብሮ ያሰራጭ ነበር።

ከቁጥር በኋላ ማካፈል

አንድ መንገድ ይቀራል፤ ለእኔ ከሁሉም ደስ የሚለኝ እሱ ነው። እስካሁን የተካፈለው ሲግናሉ ራሱ ነበር፣ ስለዚህም ይቀንሳል። ሲግናሉ አንዴ ወደ ቁጥር ከተቀየረ በኋላ ግን ኮፒ ማድረግ ይቻላል። ኮፒ ደግሞ ዴሲቤል አያስከፍልም።

ኔዘርላንድስ ውስጥ በትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ በ2008 እ.ኤ.አ. የተጀመረ በኢንተርኔት የሚሰማ ሬዲዮ አለ። ከዜሮ እስከ 29 ሜጋኸርዝ ያለውን በሙሉ በአንድ ትንሽ አንቴና ይቀበላል። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ ገብተው እያንዳንዱ የፈለገውን ጣቢያ ይቃኛል። ማንም የማንንም ሲግናል አይቀንስም። አጭር ሞገድ መስማት እየናፈቀው አፓርታማው አንቴና ለማይፈቅድለት የባሕር ማዶ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ቤት ውስጥም በትንሹ ይሠራል። ርካሹ የኤስዲአር ዶንግል (ዩኤስቢ ላይ የሚሰካው ትንሹ ዓይነት) በአንድ ጊዜ 2.4 ሜጋኸርዝ ስፋት ያያል። 97.1 እና 98.1 መሃላቸው 1 ሜጋኸርዝ ብቻ ስለሆነ ሁለቱም በአንድ መስኮት ውስጥ ይገባሉ። ከአንድ በላይ ጣቢያ አብሮ የሚቀበል ሶፍትዌር ካለ፣ በአንድ አንቴናና በአንድ ዶንግል ሳሎን ኤፍኤም አዲስን፣ ኩሽና ፋናን መስማት ይቻላል፤ ስፕሊተር የለም፣ ኪሳራም የለም። ሸገር ግን ከ98.1 በ4 ሜጋኸርዝ ስለሚርቅ ከመስኮቱ ውጭ ይቀራል። እሱን ለመጨመር ወይ ሰፋ ያለ መስኮት ያለው ኤስዲአር ያስፈልጋል፣ ወይ ሁለተኛ ዶንግል። ሁለተኛ ዶንግል ከሆነ ያችው ባለ ሁለት መውጫ ስፕሊተር ትመጣለች፤ ለከተማ ኤፍኤም ደግሞ 3.5 ዴሲቤሏ አትታወቅም።